«የየት አጥቢያ ናችሁ?» ከአሜሪካ ጎንደር የገባ አንድ ቤተሰብ ሰበካ የያዘበት መንገድ

ቤተሰቡ በመስከረም 2010 ዓ.ም. ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ተነሥቶ ጎንደር ገባ፤ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ተመለሰ። ባልየው አሜሪካ ተወልዶ ያደገ የጤና ባለሙያ ነው፤ የሁለት ዓመት የማስተማር ውል ይዞ መጣ። አማርኛ ይሰማል፣ ሲናገር ግን ይቸገራል። ሚስቱ ጎንደር ተወልዳ በስምንት ዓመቷ ከወላጆቿ ጋር የወጣች ናት። የአሥራ አንድ ዓመት ወንድና የስድስት ዓመት ሴት ልጅ ይዘው መጡ፤ ሦስተኛዋ እዚሁ ጎንደር ተወለደች። ስማቸውንም፣ አጥቢያቸውንም፣ በመንገዳቸው ያገኟቸውን ሰዎች ማንነትም ሆን ብለን ትተነዋል።

እነዚህ ሰዎች ለቤተ ክርስቲያን አዲስ አልነበሩም። እሷ አሜሪካ ባለው ደብራቸው ዘማሪት ነበረች፤ እሱ በሰበካ ጉባኤው ውስጥ ሒሳብ ይዟል። ልጆቻቸው ሳያቋርጡ ይቆርባሉ። ይህ ሁሉ ሆኖ ጎንደር በገቡ በስድስተኛው ወር፣ አርባ አራት ታቦት ባላት ከተማ፣ «የኛ» የሚሉት አንድም ደብር አልነበራቸውም። ችግሩ የእምነት ማነስ ወይም የሰው ክፋት ቢሆን ኖሮ መጻፉ ባላስፈለገ ነበር። ሰበካ እዚህ እንዴት እንደሚሠራ የነገራቸው ሰው ነው የጠፋው።

የሚመረጥ ደብርና የሚኖሩበት አጥቢያ

ውጭ ሀገር ቤተ ክርስቲያን ይመረጣል። ሰው ሁለት የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በመኪና አልፎ ሦስተኛው ጋ ይሄዳል፤ ስብከቱ ስለሚጥመው፣ ወዳጆቹ እዚያ ስላሉ፣ ወይም ሲኖዶሱ ለሁለት ተከፍሎ በነበረበት ጊዜ በሲኖዶሱ ጉዳይ። ከመረጠ በኋላ ወርኃዊውን እየከፈለ አባል ይሆናል። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ምሳ አለ፣ ማስታወቂያ አለ፣ የልጆች የአማርኛ ትምህርት አለ። ቤት የሚያከራይ፣ ሥራ የሚፈልግ፣ የታመመ ሰው ወሬው ሁሉ የሚሰማው እዚያ ነው። አዲስ የመጣ ሰው ጥቂት እሑድ ምሳ ላይ ከቆየ ስሙ ይታወቃል።

ጎንደር ላይ ሰው የሚቆጠረው በሚኖርበት ቤት ነው። ዐፄ ፋሲል ከተማውን በ1636 እ.ኤ.አ. ከቆረቆሩ ወዲህ ነገሥታቱና እቴጌዎቹ ያሠሯቸው አብያተ ክርስቲያናት እያንዳንዳቸው ዙሪያቸውን ይዘው ኖረዋል፤ ሰፈሩም በታቦቱ ስም ቁስቋም፣ በአታ፣ ልደታ እየተባለ ይጠራል። ሌላ ደብር ሄዶ ማስቀደስ ማንም አይከለክልም። ለንግሥማ ከተማው ሁሉ ወደ ባለ ንግሡ ይጎርፋል። ሲወልዱ፣ ሲሞትባቸው፣ ልጅ ሲድሩ ግን የሚጠየቀው አጥቢያ ነው። አሜሪካ አዳራሽ ውስጥ የሚሠራው ሥራም እዚህ ተበታትኖ ማኅበሩ፣ ዕድሩ፣ ሰንበቴውና ንስሐ አባቱ ዘንድ ይገኛል። ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ቆሞ የሚያናግረው ሰው የሚጠብቅ እንግዳ ብዙ ሊጠብቅ ይችላል።

ቤተሰቡ ይህን ሳያውቅ፣ አሜሪካ እንደለመደው፣ ስሙ ከከተማው አልፎ የሚታወቅ አንድ ደብር መረጠ። ከቤታቸው በባጃጅ ከተማውን አቋርጦ የሚደረስበት ነው። መጀመሪያ ሰዓቱ አሳታቸው። እሑድ ጠዋት በ3 ሰዓት ሲደርሱ ሕዝቡ ቅዳሴ ጨርሶ ይወጣል። እሑድ ኪዳኑ በሌሊት ይደርሳል፣ ቅዳሴው ገና ጎሕ ሲቀድ ይገባል፤ በጾም ወራት ደግሞ በሥራ ቀን ቅዳሴው ወደ ቀትር ገፍቶ ከቀትር በኋላ ይወጣል። አሜሪካ ሁሉም በመኪና ከሩቅ ስለሚመጣ ቅዳሴው ረፍዶ ይወጣል፤ ጎንደር ሰዉ የሚመጣው በእግሩ ነው። (ሰዓት እላፊ ባለበት ወቅት የሌሊቱ አገልግሎት ለምእመናን ይቀራል፤ በዚያ ጊዜ የቅዳሴውን መግቢያ ዋዜማውን መጠየቅ ያስፈልጋል።)

ሰዓቱን ካስተካከሉም በኋላ ነገሩ አልተለወጠም። ጫማ ይወልቃል፣ ነጠላ መስቀለኛ ይጣፋል፣ ወንዱ በሰሜን ሴቱ በደቡብ ይቆማል፣ ሠርሆተ ሕዝብ (የማሰናበቻው ጸሎት) ይሆናል፣ ሰው ተሳልሞ ይበተናል። ደጅ ላይ የሚያገኟቸው ሰዎች በየሳምንቱ «እንግዶች ናችሁ? እንኳን ደኅና መጣችሁ» ይሏቸዋል። ሰዎቹ ከልባቸው ነው የሚሉት። ግን የዚያ አካባቢ ሰዎች እርስ በርስ የሚተዋወቁት በቤት ነው፣ የነዚህ ቤት ደግሞ ሌላ ሰፈር ነው። ጥር 10 ቀን በከተራ፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ፣ እያንዳንዱ ሰፈር ከየታቦቱ ኋላ እየዘመረ ይሄዳል። ትልቁ ልጅ እናቱን «የኛ የትኛው ነው?» ሲላት የምትመልስለት አጣች።

በየካቲት የደረሰው ኀዘን

ዐቢይ ጾም የካቲት 5 ገባ። የካቲት 20 ሌሊት የሚስትየው አባት አሜሪካ ማረፋቸው በስልክ ተነገራት። እሷ ነፍሰ ጡር ናት፣ ሐኪሟ እንዳትበር ከልክሏታል። በራቸውን ዘግተው አለቀሱ። ባልየው በማግሥቱ ሥራ ገባ።

ጎረቤት የሰማው ከሳምንት በኋላ በቤት ሠራተኛዋ በኩል ነው። ሊያጽናኑ ሲመጡ ቅሬታም ይዘው መጡ፤ «ምነው? እኛ ሰው አይደለንም?» ቤተሰቡ ሰው ላለማስቸገር ያደረገውን ሰፈሩ እንደ ንቀት ቈጠረው። መርዶ ሥርዓት አለው። ሰሚው ሰው ለባለቤቱ በቀጥታ አይነግርም፤ የቅርብ ሰዎች ተጠርተው ማልደው ተሰብስበው ይገባሉ፣ ከዚያ ይነገራል። ለቅሶው ይቀመጣል። ዕድሩ ድንኳንና አግዳሚ ያመጣል፣ ሴቶቹ ተራ ገብተው ቡናና ንፍሮ ያቀርባሉ፣ ንስሐ አባቱ መጥቶ ጸሎት ያደርሳል። በዚህ ቤት አንዱም አልሆነም፤ ዕድር አልገቡም፣ ንስሐ አባት የላቸውም፣ መርዶውን የሰማው ስልክ ያነሣችው ራሷ ናት።

ከግድግዳቸው ወዲያ የሚኖሩ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ግን ቅሬታቸውን ተናግረው አልቀሩም። የነጠላቸውን ጥለት ወደ ላይ፣ ወደ አንገታቸው አድርገው እንደ ለቀስተኛ ለብሰው ሦስት ቀን ተመላለሱ። በሦስተኛው ቀን ጠየቁ፦

«የየት አጥቢያ ናችሁ?»

ሚስትየዋ የምትሄድበትን ደብር ስም ጠራች።

«እሱማ የወዲያ ማዶዎቹ ነው፣ ልጄ። የእናንተ ይኸው ሌሊት ሌሊት የሚደወለው አይደለም እንዴ?»

ለስድስት ወር ደወሉን እየሰሙ ተኝተዋል። ቤተ ክርስቲያኑ በእግር ዐሥር ደቂቃ አይሞላም።

መጀመሪያ ንስሐ አባት

ብዙ ሰው ከጽሕፈት ቤት መጀመር ያለበት ይመስለዋል። እኛ የምንመክረው እኚያ እናት ያደረጉትን ነው፤ ቤተሰቡን ወደ ራሳቸው ንስሐ አባት ይዘው ሄዱ። ጽሕፈት ቤቱ ወረቀት ይቀበላል፤ ስለ እናንተ «አውቃቸዋለሁ» ብሎ የሚመሰክር ግን ካህኑ ነው። የሄዱት ቅዳሜ ማታ ከሠርክ ጸሎት በኋላ ነው። እሑድ ከቅዳሴ እንደወጡ ካህንን መንገድ ላይ ይዞ ረጅም ጉዳይ መጀመር ጥሩ አይደለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ያደሩ ሰው ናቸው።

ካህኑ መስቀል አሳልመው፣ አረጋግተው ሦስት ነገር ጠየቁ፤ ስመ ክርስትናችሁ ማን ነው፣ ጋብቻችሁ በምንድን ነው፣ የፊት ንስሐ አባታችሁ ማን ናቸው።

በመጀመሪያው ጥያቄ የወንዱ ልጅ ስመ ክርስትና ጠፋ። እናቱ «ገብረ» የሚል እንዳለበት ብቻ ታስታውሳለች። የምስክር ወረቀቱ አሜሪካ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ቀርቷል። ክርስትና አባቱ ጋ ተደውሎ ነው የተገኘው። ኑዛዜ ላይም፣ ፍትሐት ላይም፣ ጸሎት ሲያዝም የሚጠራው ይህ ስም ስለሆነ የሁሉንም ስም በአንድ ወረቀት ጽፎ ይዞ መምጣት የብዙ ቀን ድካም ያስቀራል።

ጋብቻቸው በቁርባን ነበር፤ የጋብቻው ምስክር ወረቀት በእጃቸው ነበርና እዚህ ላይ አልተቸገሩም። ይህ ወረቀት የሌለው ባልና ሚስት መቁረብ ሲፈልግ ጥያቄ ይነሣበታል።

ሦስተኛው ጥያቄ ያልጠበቁት ነው። አሜሪካ ያሉት ንስሐ አባታቸው አሁንም በስልክ ይመክሯቸው ነበር። ካህኑ «ሳይሰናበቱ አልቀበልም» አሉ። ሁለት ንስሐ አባት አይያዝም፤ አንዱ የጀመረውን ቀኖና ሌላው ሳያውቅ ይሽረዋል፣ ወይም በላዩ ሌላ ይጨምርበታል። እዚያው ስልክ ተደውሎ ሁለቱ ካህናት ተነጋገሩ፤ የአሜሪካው ባረኩና አሰናበቱ። ነገሩ የአንድ ስልክ ነገር ነበር፤ ሳይደረግ ቢቀር ግን ቤተሰቡ በሁለት ምክር መካከል ይኖር ነበር።

የባልየው አማርኛ አስቸገረ። ኑዛዜ በሚስት አስተርጓሚነት አይሆንም። ካህኑ ዝግ ብለው በአጭር በአጭሩ እየጠየቁ እሱም አስቀድሞ የሚናገረውን በአማርኛ በወረቀት እየጻፈ ጀመሩት። ወረቀቱ ሲጨርሱ እዚያው ይቀደዳል። ከጥቂት ወራት በኋላ ወረቀቱ ቀረ።

ባልየው ካህኑ መጀመሪያ ቤታቸው መጥተው ጸበል ረጭተው ሲወጡ ፖስታ አቀበላቸው። «አሁን አይደለም» ብለው መለሱለት። ንስሐ አባት እንደ ሐኪም በጉብኝት አይከፈልም። ለፋሲካ፣ ለዘመን መለወጫ፣ ለልደት ጎረቤት የሚያደርገውን አይቶ ያንኑ ማድረግ ነው። የካህናቱ ኑሮ ጠባብ መሆኑን ስለምናውቅ ይህን ምክር «አትስጡ» ብሎ የሚሰማ ሰው እንዳይኖር እንፈልጋለን። ስጡ፤ በጊዜውና በወጉ።

ወዲያው አንድ ሥራ መጣ። የሚስትየዋ አባት አርባ። ቤተሰቡ ቀኑን በስልክ ቈጥሮ ለዘመድ ተናግሮ ነበር። ካህኑ በጣታቸው ሲቈጥሩ አርባው መጋቢት 29፣ ቀዳም ሥዑር ላይ ዋለ፤ ፋሲካ በዚያ ዓመት መጋቢት 30 ነው። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት የለም፤ ለዚህ ነው በሳምንቱ ውስጥ ለሚያርፉት ሁሉ አስቀድሞ በሆሣዕና ዕለት ፍትሐት የሚደረገው። ስለዚህ ከካህኑ ጋር ተነጋግረው ሌላ ቀን ያዙ። ከሣልስት እስከ ሰማንያ፣ ከመንፈቅ እስከ ሙት ዓመት ያለውን የተዝካር ቀን በስልክ ቀን መቁጠሪያ ከመያዝ በፊት ካህን መጠየቅ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

መሳቢያ ውስጥ የቆየው ደብዳቤ

ቤተሰቡ ከአሜሪካ ደብሩ መሸኛ ይዞ መጥቶ ነበር። ያ ደብር በስደት በነበሩት አራተኛው ፓትርያርክ በአቡነ መርቆሬዎስ ይመራ በነበረው ሲኖዶስ ሥር ነበር። ይህና አዲስ አበባ ያለው ሲኖዶስ ተለያይተውና ተወጋግዘው ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ኖረዋል። አቡነ መርቆሬዎስ ከፓትርያርክነታቸው በፊት የጎንደር ሊቀ ጳጳስ ስለነበሩ ስማቸው ከተማው ውስጥ በፍቅር ይነሣል፤ ፍቅር ግን ለአንድ ጽሕፈት ቤት ማኅተም አይሆንም። የደብሩ ጸሐፊ ደብዳቤውን አይተው «አልቀበልም» አላሉም። «ይቆይ» ብለው መሳቢያ ውስጥ አኖሩት።

እዚህ ላይ የካህኑ ምስክርነት ሠራ። የልጆቹ ጥምቀት አልተጠየቀም፤ ጥያቄው የደብዳቤው ማኅተም ላይ ብቻ ነበር። ንስሐ አባታቸውና ሚስትየዋን በልጅነቷ የሚያውቁ ሁለት ሽማግሌዎች ቀርበው መሰከሩ፤ በዚያ ተመዘገቡ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ሁለቱ ሲኖዶሶች ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ታረቁ፣ ውግዘቱ ተነሣ፣ አቡነ መርቆሬዎስ ሐምሌ 25 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ነሐሴ ላይ ጸሐፊው ራሳቸው ደወሉ፤ ደብዳቤው ማኅደር ገባ።

ዛሬ ይህ ችግር በዚያ መልኩ አይገጥምም። ቢሆንም ደብዳቤው ምን መያዝ እንዳለበት ከዚህ ጉዳይ ተምረናል። የእያንዳንዱ ሰው ስም ከነስመ ክርስትናው፣ የጋብቻው ዓይነት፣ የንስሐ አባቱ ስምና ስልክ፣ ፊርማና ማኅተም። በአማርኛ ይጻፍ። በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ደብዳቤ የሚያነበው ሰው እስኪገኝ ይቀመጣል።

ምዝገባና ገንዘብ

በሰበካ ጉባኤ መመዝገቡ አንድ ጠዋት አልፈጀም። ሰበካ ጉባኤ በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ የተቋቋመ ነው፤ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ተመርጠው ይሠሩበታል። ቅጽ ይሞላል፣ የቤተሰቡ ቁጥርና ስልክ ይያዛል፣ ዓመታዊው ይከፈላል፣ ካርኒ ይቆረጣል። ካርኒውን መያዝ ነው፤ በኋላ ማንኛውም ደብዳቤ ሲጻፍ እሱ ይጠየቃል።

የከበደው የገንዘብ ነገር ነው። ባልየው ደብሩን በተቀላቀለ በሁለተኛው እሑድ ለጣሪያ ቆርቆሮ ከፍ ያለ ገንዘብ ሰጠ፤ በድምፅ ማጉያ ተነገረ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ እልልም ተባለ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ «ዲያስፖራዎቹ» ሆኑ። ከሌሎች አጥቢያዎችም ሳይቀር የእርዳታ ወረቀት የያዘ ሰው ደጃቸውን ያንኳኳ ጀመር። ሰንበቴ ላይ ሊያስገቡት አስበው የነበሩ ጎረቤቶች «እሱማ ከእኛ ጋር ንፍሮ ይቆርጥማል?» ብለው ዝም አሉ። ልግስናው መልካም ነው፤ ሰው ስሙን ሳያውቅ ገንዘቡን ስላወቀ ነው የተበላሸው።

ንስሐ አባታቸው የሰጡት መፍትሔ ቀላል ነበር። ወርኃዊውን ልክ ጎረቤት የሚከፍለውን ያህል ክፈሉ፤ አንድ ሳንቲም አትጨምሩ። ከዚያ በላይ ልባችሁ ያሰበውን በዓይነት አድርጉት፤ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ ገዝታችሁ የቤተ ክርስቲያኑን ንዋይ ለሚጠብቁት ለቄሰ ገበዙ አስረክቡ፤ ለአብነት ተማሪዎቹም ምግብ ላኩ። ይህን ካደረጉ ከወራት በኋላ ባልየው በጎረቤት ዋስትና ሰንበቴ ገባ። ተራው ሲደርስ ዳቦውንና ጠላውን ተሸክሞ ግቢ የገባው ራሱ ነው፤ አንሥቶ ያደላቸውም ነዳያኑንና ተማሪዎቹን ነው።

ዕድር የገቡትም በዚያው ሰሞን ነው። ዘግይቶ የሚገባ ሰው መግቢያ ይከፍላል፤ ይህ ቅጣት አይደለም፣ ሌሎቹ ለዓመታት ያዋጡትን ድንኳንና ሳህን ስለሚጋራ ነው።

አበልጅ

ሕፃኗ ሰኔ 15 ቀን 2010 ዓ.ም. ተወለደች። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ትጠመቃለች። አባትየው ከተወለደችበት ማግሥት ጀምሮ ቈጥሮ ጳጉሜን 5 አለ። ካህኑ ጳጉሜን 4 አሉ፤ የተወለደችበት ቀን ራሱ ይቈጠራል። የጌታ ልደት ታኅሣሥ 29፣ በአርባ ቀኑ ወደ ቤተ መቅደስ የገባበት በዓለ ስምዖን የካቲት 8 ነው፤ ታኅሣሥ 29ን ከእነሱ ካልቈጠሩ አርባ አይሞላም። ጳጉሜን 4 እሑድ ዋለ።

እናትየዋ እህቷን ክርስትና እናት ማድረግ ፈልጋ ነበር፤ እህቷ አሜሪካ ናት፣ በቪዲዮ ትገኛለች ተብሎ ታሰበ። አይሆንም። ክርስትና እናት ሕፃኗን ይዛ ትቆማለች፣ ወደ ምዕራብ ዞራ ስለ ሕፃኗ ሰይጣንን ትክዳለች፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ ጸሎተ ሃይማኖት ትላለች። ልጅቱንም አሳድጋ ሃይማኖቷን ታስተምራለች ተብሎ ነው አደራ የሚሰጣት። በአካል ያልቆመች ሴት አደራውን አትረከብም። እንግዲህ ማን? የጎረቤታቸው የእኚያ እናት ልጅ ተጠየቀች። ንስሐ አባቷ ከእነሱ ጋር አንድ ነው፣ ቤቷ ከግድግዳው ወዲያ ነው፣ ጸሎተ ሃይማኖቱን በቃሏ ታውቀዋለች።

ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ባጃጅ አይገኝም፣ ደብሩ ግን ቅርብ ነው፣ በእግራቸው ደረሱ። ይዘው የሄዱት ነጭ ልብስ፣ ፎጣ፣ የአንገት ማዕተብ ነው። ውኃው ይባረካል፣ ሕፃኗ ሦስት ጊዜ ትጠመቃለች፣ ሠላሳ ስድስት ቦታ በሜሮን ትቀባለች፣ ማዕተቡ ይታሰርላታል፣ ቅዳሴው ላይ ትቆርባለች። ልብሱ ሰፋ ያለና ቶሎ የሚወልቅ ቢሆን መልካም ነው፤ ብዙ ቁልፍ ያለው የውጭ ልብስ በብርዱ ልጁንም ካህኑንም ያስቸግራል።

በዚያ ጠዋት ሁለቱ ቤቶች አበልጅ ሆኑ። አበልጅነት እንደ ሥጋ ዝምድና የሚቈጠር ዝምድና ነው፤ መጋባትን ይከለክላል፣ በኀዘንም በደስታም ቀድሞ ያስጠራል። ቤተሰቡ በአንድ ዓመት ያላገኘውን ዘመድ በአንድ ጥምቀት አገኘ። ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ የሚያስተዋውቋቸው «የእንትና አበልጆች» እያሉ ነው፤ «ዲያስፖራዎቹ» የሚለው ቀረ። ከውጭ የሚመጣ ቤተሰብ ክርስትና አባት ወይም እናት ከአጥቢያው ሰው እንዲመርጥ የምንመክረው ለዚህ ነው። በእኛ ግምት ጉዳያቸውን የፈታው ከሁሉ ይልቅ ይህ ነው።

ጽዋው

ሚስትየዋን ወደ ኪዳነ ምሕረት ማኅበር ያስገባቻት አበልጇ ናት። ማኅበሩ ዐሥራ ሁለት ሴቶች አሉት፤ እያንዳንዷ በዓመት አንድ ወር በ16 ቀን ቤቷ የጽዋ ድግስ ታወጣለች። አንዷ ወደ ባሕር ዳር ስለሄደች ቦታ ነበር። ጥቅምት 16 ቀን 2011 ዓ.ም. እንድታወጣ ደረሳት።

ዶሮ አሰበች። አበልጇ «ቀኑን አየሽው?» አለቻት። ዓርብ ነው። ከረቡዕና ዓርብ የሚያመልጥ ማኅበር የለም፤ ቀኑ በዓመቱ ውስጥ ይዞራልና አስቀድሞ ማየት የባለተራዋ ነው። ቅቤው ቀረ፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ንፍሮ፣ ድፎ ዳቦ ሆነ፤ የሚቀርበውም ከቅዳሴው መውጫ በኋላ ነው።

ጠላውን ገዝታ ልታቀርብ ነበር። ጠላ መግዛት ነውር የለውም፣ ሥራ ያላቸው ብዙ ሴቶች ያደርጉታል። ዳሩ ግን ለአዲስ ሰው እንዲህ ያለ አጋጣሚ ዳግመኛ አይገኝም፤ ጠላው ቤት ከተጠመቀ ሴቶቹ ሁለት ሳምንት ሙሉ ይመላለሳሉ። ጋን ከጎረቤት ተዋሰች። ጋኑ ታጥቦ በወይራ ታጠነ። ጌሾው ተቀጥቅጦ ተጠነሰሰ፣ ብቅል ተጨመረ፣ ቀናት ቆይቶ እንኩሮው ታምሶ ከጥንስሱ ጋር ተደፈደፈ፣ ድፍድፉ ሲበስል ውኃ ተሞልቶ አፉ ተመረገ። ሊበላሽ የሚችልበት ቦታ ሁለት ነው። እንኩሮው ትኩሱን ከገባ ጥንስሱን ይገድለዋል፤ ጋኑ በደንብ ካልታጠነ ደግሞ ጠላው ይሾመጥጣል። ይህን የነገሯት ሴቶች ናቸው በኋላ ልጅ ሲታመምባት በሌሊት የመጡላት።

በዕለቱ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ገባ። ካህኑ ጸሎት አድርሰው ዳቦውንና ጠላውን ባረኩ፣ ከጽዋው ሁሉም ቀመሱ፣ የማኅበሩ ሙሴ (መሪዋ) ያልመጡትን ጠየቀች፣ ከፊሉ ለነዳያን ወጣ። ወደ ማታ የኅዳሯ ባለተራ ጽዋውን «ያድርሰን» ብላ በእልልታ ተቀበለችው።

ልጆቹ

ትንሿ ልጅ አልተቸገረችም፤ በስድስት ዓመት ቋንቋ ይያዛል። ትልቁ ተጎዳ። አሜሪካ ባለው ሰንበት ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ብዙ ተምሯል፤ እዚህ ፊደል ስለማይለይ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር አስቀመጡት። ሁለት ሳምንት ሄዶ ቀረ፤ ማንም አላስገደደውም፣ ይህም ደግ ሆነ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ አገልጋዮች ነገሩን ለየት አድርገው ያዙት፤ መዝሙሩንና ከበሮውን ከእኩዮቹ ጋር፣ ንባቡን ለብቻው። ንባቡን ያስያዙት የአብነት ትምህርት ቤቱ የኔታ ናቸው፤ ከፊደል ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ በውርድ ንባብ። የኔታ ስለ ከየት መጣነቱ ጠይቀውት አያውቁም፤ ዕቡዩንም ትሑቱንም እኩል ነው የሚያስነብቡት። ሲመለስ ዳዊት ጀምሮ ነበር።

መሄጃው

ነሐሴ 2011 ሲደርስ መውጣትም እንደ መግባት ሥርዓት እንዳለው ያውቁ ነበር። ንስሐ አባታቸው አሰናበቷቸው፤ የአሜሪካውን ካህን ደውለው መልሰው አስረከቡ። የደብሩ ጽሕፈት ቤት በአማርኛ መሸኛ ጻፈላቸው፤ የሦስቱም ልጆች ስመ ክርስትና፣ የሕፃኗ የጥምቀት ቀንና የክርስትና እናቷ ስም ተካቶበታል። ዕድሩ ሀገር የለቀቀ አባል ስለማይይዝ ከዚያ ወጡ፤ የከፈሉት አይመለስም፣ እነሱም አልጠየቁም። የማኅበሩ ቦታ ግን ሌላ ነገር ነው። የጥቅምቷን ተራ አበልጇ በስሟ ታወጣለች፣ ወጪውን እሷ ከአሜሪካ ትልካለች። ሙሴዋ በዚህ የተስማማችው ለሦስት ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲያ በአካል ያልተገኘች አባል ቦታዋን ለሌላ እንድትለቅ ማኅበሩ ውስጥ የቆየ ደንብ አለ፣ ለእሷም አልተሻረም።